በአንዲት "104" ኪራሙ ላይ ጉድ ሆንኩ!

ዛሬ የፍቅር ምክር የለም። ዛሬ ራሴን ላሳጣ ነው የመጣሁት። "እኔ እኮ እችለዋለሁ" ብላችሁ የሰው ዕቃ ፈትታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጠጋ በሉ፤ ለእናንተ ነው። ፈትታችሁ የማታውቁም አትራቁ። የቤታችሁ ሪሲቨር ወይም የውሃ ፓምፕ አንድ ቀን መለገሙ አይቀርም፤ ያን ቀን ይሄን ጨዋታ ታስታውሱታላችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ ምሥራቅ ወለጋ፣ ኪራሙ ነው። 12ኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ውጤቴ "ወደፊት እናያለን" የሚባል ዓይነት ነው (አሁንም እያየን ነው)። ሥራ ፈት መሆኔን የሰፈር ሰው እንዳያውቅብኝ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት ጀመርኩ። መነካካት ነው ያልኩት፣ መማር አላልኩም። መርካቶ ወርጄ አንድ ከረጢት የተደባለቀ ካፓሲተር፣ የቻይና የስታኞ ካውያና አንድ ጥቅል ስታኞ ገዛሁ። ከዚያ የሰፈሩን ሬዲዮ እየፈታሁ መግጠም ሆነ ሥራዬ። አንዳንዱ ከገጠምኩት በኋላ ይሠራል። ለምን እንደሠራ አላውቅም፤ ምስጋናውን ግን እቀበላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ "ኢንጂነሩ" የሚል ስም ወጣልኝ። ስም ደግሞ ያኮራል!

የአባቴ እህት ኪራሙ ነበር የምትኖረው። እኛ "አዳዳ" ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና "ከልጆቹ አንዳቸው እንኳን መጥተው አይጠይቁኝም?" ብላ ስትልክ፣ ቤት ውስጥ ሥራ የሌለው አንድ ሰው ተፈለገ። ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ካውያዬንና ከረጢቴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የወለጋን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፎ ባኮ ላይ ምሳ ይበላል። ከአጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ እግራቸው ሥር አንድ ከረጢት የበቆሎ ዘር ይዘዋል። ከረጢቱ ላይ "ቢኤች-660" የሚል አለ። "660 ምኑ ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ "እኔ ምን አውቄለት! ዘሩ ጥሩ ነው፤ ለዘሪ ይሄ ይበቃዋል" አሉኝና ሳቅን። በኋላ እንደገባኝ "ቢኤች" የባኮ ዲቃላ ለማለት ነው፤ እዚያው ባኮ ያለው የምርምር ማዕከል ያወጣው የበቆሎ ዘር ነው። ቁጥር ላይ እንዲህ መቀለድ እንደሚያስከፍለኝ ገና አላወቅሁም።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ገባን። ስለ ነቀምቴ ብዙ አላወራችሁም፤ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ከውጭ አይቼ፣ አንጮቴ በቂቤ በልቼ ተኛሁ። አንጮቴ ያልበላችሁ የአዲስ አበባ ልጆች ብዙ ነገር አምልጧችኋል። ሥሩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅመም ቂቤ ሲቀርብ ሌላውን ምግብ ሁሉ ያስረሳል። በማግስቱ መኪናው ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ አንገር ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ ጃኬት ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራብ ወለቀ፣ ቀጥሎ የሚወልቅ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ወደ ጊዳ አያና። ከጊዳ አያና ወዲያ ኪራሙ። ከኪራሙ ወደ ሰሜን ዓባይ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም። ገበያው ላይ ስትቆሙ አንዱ በኦሮምኛ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው በአማርኛ ይከራከራል፣ ሻጭና ገዢ ደግሞ ግማሽ ግማሹን እያዋሱ ይስማማሉ። በቆሎው፣ ሰሊጡ፣ ኑጉ፣ በርበሬው… የበርበሬውን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የአዳዳ ቤት ውስጥ ከሁሉ ቁምነገረኛው ዕቃ ሬዲዮ ነበር። አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚበላ፣ ጥቁር፣ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ። የሟች ባሏ ነው። ሰውየው የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ያለማቋረጥ ይከታተሉ ነበር (ሥርጭቱ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነውና በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፣ ከእሳቸው ግን ያንሳል)። ጣቢያው በአጭር ሞገድ የሚገኝበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበታል። እሳቸው ካረፉ በኋላም አዳዳ መርፌውን ከዚያ ምልክት አታንቀሳቅሰውም። ማታ ማታ ጎረቤቱ ቡና ብሎ ይመጣል፤ ዜናው ይሰማል፤ ክርክሩ ይቀጥላል። ሬዲዮው እያለ ቤቱ ውስጥ አባወራ ያለ ይመስላል።

እኔ ከመድረሴ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አንድ የጎረቤት ሕፃን ከመደርደሪያው ጥሎታል። ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ በእጅ መታ ሲያደርጉት ይመለሳል። አዳዳ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ "አንተ አዲስ አበባ ይሄን ነው የምትሠራው አሉኝ?" አለችኝ። እስኪ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? "ቀላል ነው" አልኩ።

ፈታሁት። ቦርዱ ላይ አንዲት ምስር የምታህል ቡናማ ካፓሲተር አንድ እግሯ ተሰብሮ ትወዛወዛለች። ደስ አለኝ! በሽታውን አገኘሁት። ጀርባዋ ላይ "104" ይላል። ከረጢቴን ዘረገፍኩ፤ 104 የለም፣ ሰፈር ውስጥ ጨርሼዋለሁ። ግን "101" አለ። አሰብኩ። አሰብኩ ስል ይኸውላችሁ አስተሳሰቤ፦ ከ104 ላይ 101 ሲቀነስ 3። ከመቶ ውስጥ 3 ምን አላት? ሰው ደሞዙ ላይ በ3 ብር አይጣላም። የዚያን ዕለት መብራት አልነበረምና ካውያውን ከሰል ላይ አግዬ፣ ጣቴንም አብሬ አግዬ በየድኩት። ገጠምኩ። ድንጋዩን ከተትኩ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል።

ከፈትኩት… ከውስጡ ትንኝ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ጆሮ ድምፅ ማጉያው ላይ ሲለጠፍ የሰው ንግግር መሆኑ ይታወቃል፤ ራቅ ሲሉ ግን ምንም የለም። ድምፁን እስከ ጥግ ጨመርኩት። ያው ትንኝ። ደግሜ ፈታሁ፣ ደግሜ በየድኩ። ያው ትንኝ። የሚወዛወዝ ሬዲዮ ተረክቤ የማይሰማ ሬዲዮ አደረግሁት ማለት ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። "አላወቅሁትም፣ አበላሸሁት" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? "አዳዳ፣ ሬዲዮው አርጅቷል። አይሲው ሞቷል" አልኳት።

"አይሲው ምኑ ነው?"

"ልቡ በይው።"

ዝም አለች። ከዚያ ዳንቴሉን አነሣችና፣ "እንግዲህ… እንደ ጌታው" አለች። ባሏ በልብ ድካም እንደሞቱ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ያን ማታ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት መጣ፤ ስኒ ሲጋጭ ብቻ ይሰማል። ቶሎ ተነሥተው ሄዱ። እኔ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ጠዋት አዳዳ ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልላ፣ "ለማንኛውም ሽማግሌው ይዩት" አለች። ለካ ከተማው ሬዲዮ ሠሪ አለው! ገበያው ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በረንዳ የተጋሩ፣ መነጽራቸው በክር የታሠረ ሽማግሌ ናቸው። በወታደርነት ዘመናቸው የመገናኛ ሬዲዮ ላይ ነበሩ። ከኋላቸው የኒዶ ጣሳ ተደርድሯል፤ ጣሳው ውስጥ ከሞቱ ቦርዶች የተነቀለ ዕቃ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ቴስተር፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ከሰል ማንደጃ። ሀብታቸው ይሄው ነው።

ክዳኑን ከፈቱ። የኔን አዲስ ስታኞ አዩ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ጣቴን ነው ያዩት። ጣቴ ላይ የቃጠሎ ፊኛ አለ። ከዚያ አዳዳን፣ "አንቺ ሂጂ፣ ገበያሽን ፈጽሚ። እኔና ልጁ እንጨርሰዋለን" አሏት። ሄደች።

እንደሄደች ሁለት ካፓሲተር መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። አንዱ የኔ 101፣ ሌላው የተሰበረው 104።

"ኢልማ ኮ፣ የቱ ይበልጣል?"

"104።"

"በስንት?"

"በ… ሦስት።"

አልሳቁም። ልብስ ሰፊው ነው የሳቀው፣ ምን እንዳሳቀው ሳያውቅ። ሽማግሌው በረንዳው ሥር በርበሬ የምትሸጠውን ሴት በአገጫቸው አሳዩኝ። "እሷ በኪሎ ነው የምትመዝነው። ነጋዴው መኪና ላይ በቶን ይጭናል። ቤት ስትገባ ወጥ ውስጥ በግራም ትገባለች። በርበሬዋ ያው አንድ በርበሬ ናት። ግራም፣ ኪሎ፣ ቶን። ከአንዱ ወደ አንዱ ስንት ነው?"

"ሺ።"

"ኩማ!" አሉ። ኩማ በኦሮምኛ ሺ ነው። "የኮንደንሰርም እንዲሁ ነው። ፒኮ ግራም ነው በለው። ናኖ ኪሎ ነው። ማይክሮ ቶን ነው። ከፒኮ ወደ ናኖ ኩማ፣ ከናኖ ወደ ማይክሮ ኩማ።" (እሳቸው ካፓሲተር አይሉም፤ ድሮ እንደተማሩት ኮንደንሰር ነው የሚሉት።)

ከዚያ 104ን አነሡ። "ይሄ መቶ አራት አይደለም። አንድ፣ ዜሮ፣ አራት ብለህ ለየብቻ አንብበው። የፊተኞቹ ሁለቱ ቁጥር ናቸው፦ አሥር። የመጨረሻው ቁጥር አይደለም፤ ስንት ዜሮ እንደምትጨምር የሚነግርህ ነው። አሥር ብለህ አራት ዜሮ ጨምር።" ከእጄ እስክሪብቶ ሰጥተው አስጻፉኝ፦ 100,000። "ይሄ በፒኮ ነው። ለኩማ አካፍል። 100 ናኖ። አሁንም ለኩማ አካፍል። 0.1 ማይክሮ። ሦስቱም አንድ ናቸው፤ አንድ በርበሬ።"

"101ስ?" አሉኝ። አሥር፣ አንድ ዜሮ። 100። መቶ ፒኮ ብቻ! መቶ ሺ የሚያስፈልግበት ቦታ መቶ አስገብቼ ነበር። "ኪሎ በርበሬ የፈለገ ወጥ ውስጥ አንዲት ግራም ጨመርክበት። ከዚያ ወጡ ሞቷል ብለህ ለሴትዮዋ ነገርካት" አሉ። አዳዳን ምን እንዳልኳት በምን አወቁ? ከተማዋ ትንሽ ናት።

ለምን ትንኝ እንደሆነ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ በወረቀት አስልቼዋለሁ። ያቺ ካፓሲተር ድምፁን ከአንዱ ክፍል ወደ ማጉያው የምታሻግር ናት። ማሻገር የምትጀምርበትን የድምፅ ቅጥነት የሚወስነው የራሷ መጠንና ቀጥሎ ያለው ሬዚስተር ነው። ሬዚስተሩን 10 ኪሎ ኦም ብንለው፣ በ100 ናኖ ከ159 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ታሳልፋለች፤ የሰው ንግግር ይበቃዋል። በ100 ፒኮ ግን መነሻው 159,000 ኸርዝ ይሆናል። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20,000 አካባቢ ነው የሚሰማው። እንግዲህ እኔ የገጠምኩት የሌሊት ወፍ የሚያዳምጠው ሬዲዮ ነው ማለት ነው። ሾልኮ የመጣው ያ የትንኝ ድምፅ ቀጫጭኑ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሬዲዮውን ወዲያው አልሠሩትም። ከረጢቴን ተቀብለው ጋዜጣ ላይ ዘረገፉትና "እስክትጨርስ አትነሣም" አሉኝ። እያንዳንዱን እያነሣሁ ጮክ ብዬ ማንበብ፣ በሦስቱም መለኪያ መናገር፣ ከዚያ በየጣሳው መለየት። 473፦ 47,000 ፒኮ፣ 47 ናኖ፣ 0.047 ማይክሮ። 222፦ 2,200 ፒኮ፣ 2.2 ናኖ። እያልኩ እያልኩ ስሄድ "220" የምትል መጣች።

"ሁለት መቶ ሃያ ፒኮ" አልኩ።

"ኮቱ፣ ሰይጣኑ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው!" አሉ። 22፣ ከዚያ ምንም ዜሮ። 22 ፒኮ ብቻ። ሁለት መቶ ሃያ ፒኮ ስትፈልግ 221 ነው የምትለው። መጨረሻዋ ዜሮ ስትሆን ሰው ሁሉ እንዳለ ያነባታል። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ እንዳለ የሚጽፍበት ጊዜ አለና፣ በተለይ በዜሮ የምታልቀዋን በመሣሪያ ሳይለኩ ማመን አይገባም። ሁለት ቁጥር ብቻ ያለባት ለምሳሌ "47" ብትል ግን ያው 47 ፒኮ ናት። መጨረሻዋ 9 የሆነች ብታጋጥማችሁ ዘጠኝ ዜሮ እንዳትጨምሩ! ለአሥር ማካፈል ነው፤ 479 ማለት 4.7 ፒኮ ነው።

ቀጥሎ "104ኬ" መጣች። እኔ ብልጥ ለመምሰል "104 ኪሎ!" አልኩ። ይሄን ስህተት መርካቶም ብዙ ሰው ሲሠራው አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጻፈው "ኬ" ኪሎ አይደለችም፤ ፋብሪካው "በ10 ከመቶ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል" ብሎ የሚምልበት ፊደል ናት። "ጄ" 5 ከመቶ፣ "ኤም" 20 ከመቶ። "ዜድ" ደግሞ ዋልጌዋ ናት፤ በ20 ከመቶ ልታንስ፣ በ80 ከመቶ ልትበልጥ ትችላለች። ፊደሏ በመሐል ስትገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። "4ኤን7" ቢል 4.7 ናኖ ማለት ነው። ነጥብ ትንሽ ናት፣ ትፋቃለች፤ ስለዚህ በነጥቧ ቦታ ፊደል ያስቀምጡላታል። ሲሊንደር መሳዮቹ ትልልቆቹ ብቻ ናቸው ሰው የሚያከብሩት፤ ስንት ማይክሮ ስንት ቮልት እንደሆኑ ቁልጭ አድርገው ይጽፋሉ።

ሽማግሌው አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነበራቸው። በግራ በኩል ኮዱ፣ በቀኝ በኩል ዋጋው፣ በአማርኛ ቁጥርም በሌላውም ተቀላቅሎ ተጽፏል። ድሮ በተማሩበት የሠራዊት መጽሐፍ ፒኮ የሚባል እንዳልነበረ፣ "ማይክሮ ማይክሮ" ይባል እንደነበር ነገሩኝ። የማይክሮ ማይክሮ ማለት ያው ፒኮ ነው። አሮጌ ሬዲዮ ሥዕል ላይ ሁለት ኤም ካያችሁ እሱ ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን ሦስት ሻይ ጠጥቼ ከረጢቱን ጨረስኩ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ሳልሳሳት አነበብኩ። ያኔ ከኒዶው ጣሳ አንዲት 104 አውጥተው፣ የከሰል ካውያቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉ። ሲከፈት መርፌው እዚያው ቀዩ ምልክት ላይ ነበርና በዚያ ሰዓት ምን ጣቢያ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ በወፍራም ድምፅ ሲናገር በረንዳውን ሞላው። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ አጨበጨበ።

አዳዳ ከገበያ ስትመለስ ምን እንዳሏት ልንገራችሁ። "ሽቦ ነበር የተበጠሰው። ልጅሽ ነው ያገዘኝ" አሏት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሠሩበትን 15 ብር ከኪሴ ስሰጣቸው ተቀበሉኝ፤ ይሄ ብቻ ነው ትንሽ ያቀለለኝ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። መለኪያው "ፋራድ" የተባለው በእንግሊዛዊው ሳይንቲስት በማይክል ፋራዴይ ስም ነው። አንድ ሙሉ ፋራድ ለሬዲዮ ሥራ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ነው በሚሊዮንኛና ከዚያም በታች ተከፋፍሎ የሚሠራበት። የመጀመሪያው ካፓሲተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1745 አካባቢ በጀርመንና በሆላንድ የተሠራ ጠርሙስ ነበር፤ የነካው ሰው እጁ እስከ ትከሻው ደንዝዟል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ 10፣ 15፣ 22፣ 33፣ 47፣ 68 እየተባለ አንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ የሚደጋገመው ለምን እንደሆነ ገባኝ። 20 ከመቶ ማነስና መብለጥ ከተፈቀደ በመሐል ያለው ሌላ ቁጥር አያስፈልግም፤ አንዱ ያንዱን ይሸፍነዋል።

እናንተ ሬዲዮ የላችሁም ይሆናል። ሪሲቨር ግን አላችሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አልነሣ ካለ፣ ሠሪው ከፍቶ በመጀመሪያ የሚያየው ጭንቅላታቸው ያበጠ ሲሊንደሮችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሩም ቴሌቪዥኑም በዚህ በሽታ ተመትቶ ነበር፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ቅመም የተበላሸ ነበርና። ሠሪው ሲቀይርላችሁ አጠገቡ ቁሙና ሁለት ነገር እዩ። ማይክሮው ያው ይሁን። ቮልቱ ያው ወይም የበለጠ ይሁን፤ ያነሰ ከሆነ ግን እጁን ያዙት። 10 ቮልት በነበረበት 16 ቢገባ ችግር የለም፣ 6.3 ቢገባ ይፈነዳል። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጋቲቭ ነው፤ ከተገለበጠም ይፈነዳል። ራሳችሁ ከፍታችሁ የምትነካኩ ደግሞ ስሙኝ፦ የግድግዳው 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ሲቀየር ትልቁ ካፓሲተር ላይ ከ310 ቮልት በላይ ይጠራቀማል። ሶኬቱን ነቅላችሁም ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ ሳይወጣ ጣት እንዳታስገቡ።

የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ነው። "እምምም" እያለ አልዞር ካለ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አልተቃጠለም፤ ካፓሲተሩ ነው የደከመው። ሞተር ነው ብሎ በሺዎች የሚጠይቅ ባለሙያ ቢመጣ መጀመሪያ እሷን እንዲለካ ንገሩት። 20 ማይክሮ ጠፍቶ ሁለት 10 ማይክሮ ካለው ጎን ለጎን ሲያያዙ 20 ይሆናሉ፤ ተከታትለው ሲያያዙ ግን 5 ነው የሚሆኑት። ከሬዚስተር የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሠሪ አይቻለሁ። እኔም ተሳስቼ አይቻለሁ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኪራሙና አካባቢዋ ላይ የደረሰውን ሰምታችኋል። ያቺ ቋንቋ ተዋውሳ የምትገበያይ ከተማ ላይ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ቤቱን ጥሎ ወጣ። አዳዳም በ2014 ዓ.ም. አንድ ፌስታል ይዛ እኛ ቤት ገባች። ፌስታሉ ውስጥ ሬዲዮው አልነበረም። ስለ ሬዲዮው አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም፣ እኔም አልጠይቃትም። ሽማግሌው ነቀምቴ ልጃቸው ጋ ገብተዋል አሉ። የኒዶዎቹ ጣሳዎች ምን እንደሆኑ እንጃ።

ባለፈው የእኛ ቤት ሪሲቨር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ከፈትኩት። አዳዳ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ከጀርባዬ ቆመች።

"ያበጠው ምን ይላል?" አለችኝ።

"1000 ማይክሮ፣ 10 ቮልት።"

"አንተ የምታስገባውስ?"

"1000 ማይክሮ፣ 16 ቮልት።"

ትንሽ ዝም አለች። "ያኔስ ስንት ነበር ያስገባኸው?"

ካውያው እጄ ላይ ቀረ። "ያኔ መቼ?"

"አንተ ልጅ፣ ጣትህ እኮ ሳምንት ሙሉ ቆስሎ ነበር። ሰው ሽቦ ስላገዘ ይቃጠላል?"

ከ2007 ጀምሮ ታውቅ ነበር! ያን ሁሉ ዓመት ታውቅ ነበር። "101 ነበር፣ አዳዳ" አልኳት።

"መሆን የነበረበትስ?"

"104።"

"እና ልዩነቱ ስንት ነው?"

"ኩማ።"

"ኩማ!" አለችና ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ። "በል ቶሎ በይደው፣ ዜናው ሊጀምር ነው።"